ኤደብልዩኤክስ፣ ከርበሮስ እና የሐበሻ ሰዓት

ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ የግል ድርጅት አይቲ ነኝ። «የአይቲ ክፍል» ይባላል እንጂ ክፍሉም ሠራተኛውም እኔው ነኝ። ዋናው ቢሮ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ሻሸመኔና ዲላ ደግሞ ቅርንጫፍ አለን፣ ሁሉም ሲደመር 60 የሚሆኑ ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በአንድ ዶሜን ሥር ናቸው፣ ማለትም አካውንታቸውን ዶሜን ኮንትሮለር የሚባል አንድ ሰርቨር ያስተዳድረዋል። አንድ ፕሮግራም አፕዴት ይደረግ ሲባል ፍላሼን ይዤ ከወንበር ወንበር እዞራለሁ። ለዲላው ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄጄ ውዬ እመለሳለሁ፣ ስመለስ ከፒያሳዎቹ አንዷ «ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበርኩ፣ የኔ አልተሠራም» ትለኛለች። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ከዚህ ለመውጣት ነው ኤደብልዩኤክስን ለመትከል የወሰንኩት። ለማያውቀው ባጭሩ፦ አንሲብልን፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ የሚያዝ መሣሪያን፣ በብራውዘር በኩል የሚያሠራ መድረክ ነው። ሬድ ሃት የሚባለው የሊኑክስ ኩባንያ አንሲብልን በፈረንጆቹ 2015 ገዛው፣ በ2017 ደግሞ የአንሲብል ታወርን (የሚሸጠውን መድረክ) ኮድ ኤደብልዩኤክስ ብሎ ለሁሉም ክፍት አደረገው። ነፃ ነው። እኔ የተከልኩት 24.6.1ን ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 2024 የወጣ ሲሆን ከሱ በኋላ ቡድኑ ኮዱን እንደገና ለማደራጀት ብሎ አዲስ ልቀት አቁሟል። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ከ18ኛው ልቀት ጀምሮ የሚመከረው አተካከል ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ የተለያዩ ሳጥኖች ውስጥ የሚያሠራ ሥርዓት) ላይ፣ በኦፕሬተር (ተከላውን በሚያከናውን አጋዥ ፕሮግራም) አማካይነት ነው። «ለ60 ኮምፒውተር ኩበርኔቲስ?» ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብያለሁ። ግን ኬ3ኤስ የሚባለው ትንሹ ኩበርኔቲስ በአንዲት ቨርቹዋል ማሽን ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ለኤደብልዩኤክስ ቢያንስ 2 ሲፒዩና 4 ጊጋ ሜሞሪ ይጠየቃል፤ እኔ 4 ሲፒዩና 12 ጊጋ ሰጠሁት።

ስለ ተከላው ብዙ አልልም፣ መመሪያው በየቦታው አለ። ሦስት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ኢሜጆቹ (ኮንቴይነሮቹ የሚነሱባቸው የታሸጉ ፋይሎች) ትልልቅ ናቸው፣ የኛ ኢንተርኔት ደግሞ ቀን ቀን ይንቀራፈፋል። ማታ ቤቴ ሆኜ አውርጄ በታር ፋይል አመጣኋቸውና የኬ3ኤስ የኢሜጅ ፎልደር ውስጥ ከተትኳቸው፣ ሲነሳ ራሱ ያነባቸዋል። ሁለተኛ፣ ኦፕሬተሩ አብሮት የሚጠራው ኩብ አርባክ ፕሮክሲ የሚባል ኢሜጅ ከድሮው የጉግል ማከማቻ ላይ ስለተነሳ ፖዱ (ኩበርኔቲስ ኮንቴይነር የሚያሠራበት ክፍል) ኢሜጅ አላገኘሁም እያለ ይቆማል፤ አድራሻውን ኬዋይ በሚባለው የኢሜጅ ማከማቻ ላይ ወዳለው ቀይሩት። ሦስተኛ፣ ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) «ፎልደሩ ላይ መጻፍ አልችልም» ብሎ ከሞተባችሁ የኤደብልዩኤክሱ ማኒፌስት (የተከላ መግለጫ ፋይል) ላይ ፖስትግሬስ ዳታ ቮልዩም ኢኒት የሚለውን ትሩ አድርጉት። የአድሚን ፓስዎርዱ ራሱ ሲክሬት (ኩበርኔቲስ ምስጢር የሚያስቀምጥበት) ውስጥ ተፈጥሮ ይጠብቃችኋል።

ይሄ ሁሉ ሁለት ቀን ፈጀ። የኤደብልዩኤክስ ገጽ ሲከፈት አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ በላሁ። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አንዲት ፍንጭ ግን ያኔውኑ ነበረች። ለገጹ ራሴ ያወጣሁትን ሰርተፊኬት ከቢሮ ኮምፒውተር ስከፍተው ብራውዘሩ «የዚህ ሰርተፊኬት ጊዜ ገና አልደረሰም» አለኝ። ገና አልደረሰም! በማግስቱ ግን ይህ መልእክት በራሱ ጠፍቶ ራሴ ያወጣሁት ሰርተፊኬት በመሆኑ የሚመጣው የተለመደው ማስጠንቀቂያ ብቻ ቀረ። ደስ ብሎኝ ዘነጋሁት። በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ኤረር ሲገጥማችሁ ደስ አይበላችሁ።

ቀጥሎ ዊንዶውሶቹን ማገናኘት። አንሲብል ወደ ዊንዶውስ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዊንአርኤም (በዊንዶውስ የርቀት ማስተዳደሪያ) ነው፣ ፖርት 5985 ወይም 5986። ለዶሜን አካውንት ትክክለኛው መታወቂያ ከርበሮስ ነው። ስሙ ባለ ሦስት ራሱ የግሪኮች የተረት ውሻ ነው፣ ኤምአይቲ ውስጥ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ተሠርቶ አሁን የአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዊንዶውስ የዶሜን ሥርዓት) የጀርባ አጥንት ሆኗል። አሠራሩ የመናኸሪያ ትኬትን ይመስላል፦ ፓስዎርዳችሁ በኔትዎርኩ ላይ አይዞርም፣ መጀመሪያ ዶሜን ኮንትሮለሩ ጋ በፖርት 88 ሄዳችሁ ማንነታችሁን አሳይታችሁ ትኬት ትቆርጣላችሁ፣ ከዚያ ለምትሄዱበት ለእያንዳንዱ ማሽን በዚያ ትኬት ሌላ ትኬት ትወስዳላችሁ። ትኬቱ ላይ ሰዓት አለ። ዶሜን ኮንትሮለሩና እናንተ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያያችሁ አይቀበላችሁም።

ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም ኬ3ኤስ ያለበት ሊኑክስ ላይ፣ የከርበሮስ መሣሪያዎቹን ጫንኩና ኬኢኒት (ትኬት የሚቆርጠውን ትእዛዝ) ብዬ ሞከርኩ። ፓስዎርድ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ ዝም አለ። ኬኢኒት ዝም ካለ ተሳክቷል ማለት ነው። ኬሊስት ብዬ ትኬቱን አየሁት፣ የሚጀምርበት ሰዓት 04:20 ይላል። የእጄን ሰዓት አየሁ፣ 4፡20። ልክ ነው ብዬ አለፍኩ።

እስቲ ይህቺን መስመር ተመልሳችሁ አንብቧት። እኔ ለማየት አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ኤደብልዩኤክስ ላይ ፕሌይቡኩን (የአንሲብል የሥራ ዝርዝር ፋይል) ተጫንኩ። ቀይ። «የዚህ ሪልም ኬዲሲ አልተገኘም።» ሪልም ዶሜኑ በከርበሮስ የሚጠራበት ስም ነው፣ ኬዲሲ ደግሞ ትኬት ቆራጩ፣ እኛ ጋ ዶሜን ኮንትሮለሩ። ደግሜ ተጫንኩ፣ ቀይ። ሰርቨሩ ላይ ይሠራል፣ ኤደብልዩኤክስ ላይ አይሠራም። ሁለቱ እዚያው አንድ ማሽን ላይ ሆነው ሆድና ጀርባ። ፋየርዎሉን ጠረጠርኩ፣ የሻሸመኔውን ቪፒኤን ጠረጠርኩ፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት ምንም ያላደረገ ራውተር ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ጆብ ስትጫኑ ኤደብልዩኤክስ ሥራውን ራሱ አይሠራውም። ታስክ ፖድ የሚባለው ክፍሉ ኩበርኔቲስን አዲስ ፖድ ፍጠርልኝ ይለዋል፣ ስሙ አውቶሜሽን ጆብ ብሎ የሚጀምር ፖድ ይፈጠራል፣ ፕሌይቡኩ እዚያ ውስጥ ይሮጣል፣ ሲጨርስ ፖዱ ይጠፋል። ይህ ፖድ የሰርቨሩን የከርበሮስ ኮንፊግ ፋይል አያይም። የሰርቨሩን ሆስትስ ፋይልም (ስምን ከአይፒ የሚያያይዘውን) አያይም። የራሱ ኢሜጅ አለው፣ ኤክስኪውሽን ኢንቫይሮመንት ይባላል፣ የሚያውቀው በዚያ ኢሜጅ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ፕሮጀክት ሲንክ፣ ማለትም ኮዱን ከተቀመጠበት ከጊት ማምጣቱ፣ የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው፣ ታስክ ፖዱ ውስጥ። ስለዚህ ፕሮጀክቱ አረንጓዴ ሆኖ ጆቡ ቀይ ቢሆን አይግረማችሁ፣ የሚሮጡበት ክፍል የተለያየ ነው።

ስለዚህ ከርበሮስን ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ አትሞክሩ። እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ያንኑ ኢሜጅ ይዞ ዝም ብሎ የሚተኛ ፖድ በእጄ መፍጠር ነው፣ ያው ኮንፊግ በያው ቦታ ተጭኖበት። በኩብሲቲኤል (በኩበርኔቲስ ማዘዣው) ውስጡ ገባሁና ኬኢኒትን እዚያ ሆኜ ሞከርኩ። ኬአርቢ5 ትሬስ የሚባለውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ወደ ስክሪን እንዲያወጣ ካደረጋችሁት ማንን እንደጠየቀ፣ ማን እንደመለሰለት፣ የት ላይ እንደተጣሉ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ባውቅ ኖሮ ራውተሩን አልነካውም ነበር።

ፖዱ ውስጥ ሆኜ ሳየው የጎደለው ብዙ ነበር። ኮንፊግ ፋይሉን ኮንፊግማፕ (ኩበርኔቲስ ለፖዶች ፋይል የሚያቀርብበት) አድርጌ ኤደብልዩኤክስ ባለበት ኔምስፔስ (የኩበርኔቲስ ክፍፍል) ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ ኤደብልዩኤክስ ላይ ኮንቴይነር ግሩፕ (የጆብ ፖዶች አፈጣጠር መቼት) ፈጥሬ የፖድ ስፔኩን እያሻሻልኩ ፋይሉ ኢቲሲ ሥር እንዲጫን አደረግኩ። ሁለት ዶሜን ላላችሁ ሌላ ዘዴም አለ፦ ከስተም ክሬደንሻል ታይፕ ሠርታችሁ ፋይሉን እዚያ ውስጥ ጻፉት፣ ኬአርቢ5 ኮንፊግ የሚለው ቫሪያብል ወደሱ እንዲጠቁም አድርጉ፣ ያኔ እያንዳንዱ ጆብ የራሱን ኮንፊግ ይዞ ይነሳል። ኢሜጁን በተመለከተ የራሴን በአንሲብል ቢልደር ገነባሁ፣ የከርበሮስ መሣሪያዎቹን እና ፓይዊንአርኤምን (በዊንአርኤም የሚያናግረውን የፓይተን ላይብረሪ) ከከርበሮስ ተጨማሪው ጋር አስገብቼ። ከመልፋታችሁ በፊት ግን በያዛችሁት ኢሜጅ ውስጥ ኬኢኒት መኖሩን እዩ።

ስም ሁለተኛው ጣጣ ነው። እኔ ሰርቨሩ ላይ ሆስትስ ፋይል ውስጥ የዶሜን ኮንትሮለሩን ስም ጽፌ ነበር፣ ለዚያ ነው ሰርቨሩ ላይ የሠራው። ፖዶቹ ግን ስም የሚጠይቁት ኮርዲኤንኤስን (የኩበርኔቲስን ስም ፈቺ) ነው፣ እሱ ደግሞ የኛን የውስጥ ዶሜን ከየት ያውቀዋል? ኬ3ኤስ ላይ ኮርዲኤንኤስ ከስተም የሚባል ኮንፊግማፕ ኩብ ሲስተም ውስጥ ትፈጥራላችሁ፣ ውስጡ ያለው ቁልፍ ስም «.server» ብሎ ማለቅ አለበት፣ ውስጡ ለዶሜናችሁ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ወደ ዶሜን ኮንትሮለሩ አይፒ ይሂድ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ኢንቬንተሪ (የኮምፒውተሮቹ ዝርዝር) ላይ ደግሞ አይፒ አትጻፉ። ትኬት የሚቆረጠው በስም ነው፣ አይፒ ከሰጣችሁት «እንዲህ የሚባል ሰርቨር ዳታቤዜ ውስጥ የለም» ይላችኋል። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ሪልሙን በትልልቅ ፊደል፣ አርዲኤንኤስን (ከአይፒ ተነስቶ ስም መፈለጉን) ፎልስ። ይሄው ነው።

ይህን ሁሉ አድርጌ ስጫነው አዲስ ኤረር መጣ። የሰዓት ልዩነቱ በዛ ይላል።

እንዴት ሆኖ? ሰርቨሩ ላይ እኮ ይሠራል! ፖዱ ውስጥ ገብቼ ሰዓቱን ጠየቅኩ፣ 08:10። ሰርቨሩን ጠየቅኩ፣ 11:10። ዶሜን ኮንትሮለሩ ስክሪን ላይ ሄጄ አየሁ፣ 5:10። የእጄ ሰዓት 5፡10። አናቴ ዞረ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

ፖዱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ነው፣ እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ 08:10 እና 11:10 አንድ ናቸው፣ አይጣሉም። ከርበሮስ ውስጥ ውስጡን የሚያወዳድረው ዩቲሲን ስለሆነ የዞን ልዩነት ግድ አይሰጠውም። ችግሩ ያለው ዶሜን ኮንትሮለሩ ላይ ነው። ዞኑ ናይሮቢ ይላል፣ ዊንዶውስ ላይ የኛ ዞን በዚያ ስም ነው፣ ትክክል። ሰዓቱ ግን 6 ሰዓት ወደኋላ ተጎትቷል። ከኔ በፊት የነበረ ሰው ሠራተኛው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ሰዓት ከእጁ ሰዓት እንዲገጥምለት ብሎ ሰዓቱን ራሱን የሐበሻ አድርጎታል! ሁሉም ዊንዶውሶች ሰዓት የሚወስዱት ከዶሜን ኮንትሮለሩ ስለሆነ አብረው ተሳስተው፣ እርስ በርስ ተስማምተው ይኖራሉ። ከኢንተርኔት ሰዓት የሚወስድ ማሽን እስኪመጣ ድረስ ማንም አላወቀም። ያ ማሽን የኔ ሊኑክስ ነው።

ሰውየውን አልወቅሰውም። የሒሳብ ክፍል ሰው «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብሎ አስቦ ስክሪኑ 8 ሲለው የሚደናገርበት ምክንያት የለም፣ ጥያቄው የሰው ጥያቄ ነው። የሸወደኝም እሱው ነው። ኬሊስቱ 04:20 ሲለኝ ከእጄ ሰዓት ስለገጠመ ልክ መሰለኝ፣ ሊኑክሱ በዚያ ሰዓት 10:20 ማለት እንደነበረበት አላሰብኩም። ያቺ «ገና ጊዜው አልደረሰም» ያለችውም ሰርተፊኬት ይኸው ነው፣ ትክክለኛ ሰዓት ባለው ማሽን ላይ የተወለደ ሰርተፊኬት 6 ሰዓት ወደኋላ ለቀረ ኮምፒውተር ገና ነገ ነው።

ታዲያ ሰርቨሩ ላይ ለምን ሠራ? ይህ ነው ደስ የሚለው ክፍል። የኤምአይቲ ከርበሮስ ኬዲሲ ታይምሲንክ የሚባል መቼት አለው፣ ካልነካችሁት 1 ነው። የኬዲሲውን ሰዓት አይቶ ልዩነቱን በልቡ ይይዝና እያካካሰ ይሠራል፣ የማሽኑን ሰዓት ግን አይነካም። ሰርቨሩ ላይ እንደዚያ ነበር። ኮንፊግማፑ ውስጥ የከተትኩት ፋይል ግን ከድሮ ሥራዬ ይዤው የመጣሁት ነው፣ እዚያ ላይ ይህ ቁጥር 0 ነው። ማን፣ መቼ እንደጻፈው እንጃ። አንዲት ዜሮ።

1 አደረግኩት። አረንጓዴ! ወንበሬ ላይ ዘለልኩ ማለት ይቻላል። እዚያው ላይ ማቆምም ይቻል ነበር፣ ግን 6 ሰዓት የሚለያዩ ሎጎችን እያነበብኩ መኖር አልፈለግኩም፣ ማታ በ4 ሰዓት ይሂድ ያልኩት ጆብ በማን 4 ሰዓት እንደሚሄድ ማሰብ ራሱ ሥራ ነው።

መፍትሔው ሰዓቱን ማስተካከል ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ላይ ያለውን የሐበሻ ሰዓት ግን አለመንካት ነበር። የሐበሻ ሰዓት ከኛ የዞን ሰዓት 6 ይቀንሳል፣ ማለትም ዩቲሲ ሲቀነስ 3 ነው። በዚያ ዞን ያለው ማን ነው? ቦነስ አይረስ። አሁን የበጋ ሰዓት ለውጥም የላቸውም። የተጠቃሚዎቹን ኮምፒውተሮች ዞን ወደ አርጀንቲና ከቀየርኩ፣ የዶሜን ኮንትሮለሩን ትክክለኛ ሰዓት ከመለስኩ፣ ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥር አንድም አይለወጥም። የሒሳብ ሶፍትዌሩም ልዩነቱን አያውቀውም።

እሁድ ከገብርኤል ቅዳሴ መልስ ገባሁ። መጀመሪያ የዶሜን ኮንትሮለሩን ባክአፕ፣ ከዚያ ቨርቹዋል ማሽኑ ከአስተናጋጁ ሰዓት መውሰዱን ማጥፋት፣ አለበለዚያ ያስተካከላችሁትን ይመልስባችኋል። የቢሮውን ኮምፒውተሮች ሁሉ አብርቼ ዊን ታይምዞን የሚባለውን ሞጁል በኤደብልዩኤክስ ለቀቅኩት። በአንድ ጠቅታ የሐዋሳው ቢሮ ሁሉ አርጀንቲና ገባ። ቀጥሎ ዶሜን ኮንትሮለሩን ከኢንተርኔት ሰዓት እንዲወስድ አደረግኩ፣ ሁሉንም ሪስታርት። የዜሮዋንም ጉዳይ ዘጋሁ፣ ወደ ዜሮ መለስኳት፣ አሁንም ይሠራል። ሰዓቱ እንደገና ቢዛባ ተደብቆ ከሚሠራ ተጣልቶ ቢነግረኝ ይሻላል።

ሰኞ ጠዋት ግን የረሳሁት ነገር ነበር፤ እሁድ ጠፍተው የነበሩ ላፕቶፖች። ሲነሱ ሰዓታቸውን ከዶሜን ኮንትሮለሩ አስተካከሉ፣ ዞናቸው ግን ያው ናይሮቢ ነው። የሒሳብ ኃላፊዋ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረግከኝ? ኮምፒውተሬ 8 ሰዓት ይላል፣ ምሳ ሰዓት አለፈ እንዴ?»

«እትዬ፣ 5 ደቂቃ ይስጡኝ።»

ጆቡን የሳቸው ማሽን ላይ ብቻ ለቀቅኩት። ስልኩን ሳይዘጉ «አሁን 2 ሆነልኝ፣ ተባረክ» አሉ። ከፒያሳ ወንበሬ ሳልነሳ። ዲላዎቹን እንደዚሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ሁለቱም አንድ አንድ ቀን በልተውብኛል። ፕሌይቡኩ ዊንዶውሱ ላይ ገብቶ እዚያ ሆኖ ሼርድ ፎልደር ላይ ያለ ኢንስቶለር ለማንሳት ሲሞክር «አክሰስ ዲናይድ» ይለዋል፣ አካውንቱ መብት ቢኖረውም። ትኬታችሁ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ነው የተቆረጠው፣ ኮምፒውተሩ እናንተን ወክሎ ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም። ኢንቬንተሪ ላይ የከርበሮስ ዴሌጌሽንን ትሩ ማድረግ ወይም በቢካም በራንአዝ (በአንሲብል ሌላ አካውንት ሆኖ በማሠራት) መሄድ ይቻላል። እኔ ግን ሁለቱንም ትቼ በየቅርንጫፉ ትንሽ ዌብ ሰርቨር አቆምኩና ኢንስቶለሮቹን ከዚያ እንዲያወርዱ አደረግኩ። ለዲላ ኢንተርኔትም ይህ ይሻላል፣ ፋይሉ አንዴ ብቻ ነው የሚሻገረው።

ሌላው ባክአፕ ነው። እኛ ጋ መብራት ይጠፋል፣ ዩፒኤሱም ሽማግሌ ነው። ዳታቤዙን ብቻ ባክአፕ ካደረጋችሁ በቂ አይደለም። ኤደብልዩኤክስ ፓስዎርዶቻችሁን የሚቆልፍበት ቁልፍ ስሙ በሲክሬት ኪ የሚያልቅ የኩበርኔቲስ ሲክሬት ውስጥ ነው ያለው። እሱ ከጠፋ ዳታቤዙ ተመልሶ ክሬደንሻሎቹ አይከፈቱም። የኦፕሬተሩ የባክአፕ ሪሶርስ አብሮ ይይዘዋል፣ ግን የሚያስቀምጠው እዚያው ክላስተር ላይ ነው። እኔ ሲክሬቱን ለብቻው አውጥቼ ቢሮ ካዝና ውስጥ ባለ ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩት። ያው ከወንበር ወንበር ስዞርበት የነበረው ፍላሽ ነው።